እርጋታ ጠርሙስ ውስጥ የገባችበት ዓመት

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ሰመራ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የአዳራሹ ጥበቃ አቧራው እንዲበርድ ብሎ በሩ ፊት ውሃ ሲረጭ ያ ሽታ መጣ። የጋለ አፈር ውሃ ሲነካው የሚያወጣው፣ ብረት ብረት የሚል ሽታ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ሁለት ሠልጣኞች አለቃቸውን ያማሉ።

"ተወው እባክህ፣ እስስት ነው! ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ" አለ አንደኛው።

ዞር ብዬ "እስስት ምን አድርጋህ ነው?" አልኩት።

ሰውዬው ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ሳላስበው ጮኼበት ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ግን ከልቤ አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት ያለውን ሥልጠና አንድም ቃል አልሰማሁም። ያሰብኩት አራተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት ብቻ ነው።

ዓመቱ ሲጀምር የምንኖረው አዋሽ ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል። የተከራየነው ሁለት ክፍል ከባቡር ሐዲዱ ብዙም አይርቅም፤ አጥሩን ከላይ እስከ ታች ቡጋንቪላ ለብሶታል። አንድ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ያንን አጥር በድንጋይ ሲደበድቡ አገኘኋቸው። ቅርንጫፉ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ እስስት ትታያለች። ድንጋይ በአጠገቧ ሲያልፍ አትሮጥም። አንድ እጇን ታነሳለች፣ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ እጇን ታሳርፋለች። ልጆቹን ያናደዳቸው ይሄ ይመስለኛል፤ እንኳን ልትሮጥ፣ አትቸኩልም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በመስኮት ሆነው "እንዳትነኪያት! እስስት ከነከሰች አህያ ካላናፋ አትለቅም" አሉኝ። ነካኋት። ነከሰችኝ። አውራ ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጠበቅ አደረገችና ለቀቀችኝ። አህያ በአካባቢው አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች ስለ እስስት የሚያወሩት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። የቀረውን ለማወቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

ስሟን እርጋታ አልኳት።

ቡጋንቪላው ላይ ስለምትኖር ማሰር አላስፈለገኝም። ጠዋት ፌንጣ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ምላሷ ይወጣና ይመለሳል፣ እኔ የማየው ማኘኳን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘው ጎኗ ይጠቁራል፣ ሌላው ጎኗ አረንጓዴ ነው። ግማሽ ጎኗ የታመመ መሰለኝና ለእናቴ ነገርኳት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከቤት ብቻ አታስገቢብኝ" አለችኝ። ሲመሽ ደግሞ ትነጣለች፤ ጅራቷን እንደ ቀለበት ጠቅልላ ስትተኛ የሞተች እየመሰለኝ እነካታለሁ። አንድ ሰሞን ቆዳዋ እንደ ስስ ወረቀት እየተቀረፈ ወደቀ። ፀሐይ አቃጥሏት ነው ብዬ የእናቴን ቫዝሊን ቀባኋት። እንዴት አድርጋ እንደታገሰችኝ አላውቅም።

በኅዳር አባቴ ወደ ሰመራ ተዛወረ። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጫነ፣ እኛ ጋቢና ገባን። እርጋታን ጥያት ልሂድ ወይ ብዬ ያሰብኩበት ቅጽበት አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው በራሴም እናደዳለሁ። ዛፍ ላይ ያለችን ፍጥረት በጫማ ካርቶን አድርጌ፣ በእስክሪብቶ ቀዳዳ በስቼ፣ እግሬ ሥር አስቀመጥኳት። መንገድ ላይ፣ አዳይቱ ከተማ ስንደርስ፣ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ክዳኑን ከፈትኩት። እርጋታ ነጥታ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ወደ ላይ ትመለከታለች። ደስ ብሏት የምትስቅ መሰለኝ። እኔም ሳቅሁላት። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ሙቀት እየገደላት ነበር። እስስት አፏን ከፍታ ስትቀር እንደማትስቅ የሚነግረኝ ሰው ጋቢናው ውስጥ አልነበረም።

ሰመራ የሚተነፍሰው ከምድጃ ነው። ያኔ በሰፈራችን ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ከሰዓት ነፋሱ አቧራውን ይዞ ቤት ይገባል፣ ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ። ጥሩ ጥላ ያለው አንድ የኒም ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ። በሁለተኛው ሳምንት እርጋታን ይዤ ወደ ኒሙ ሄድኩ። ዓይኖቿ፣ እነዚያ እንደ ትንሽ ጉልላት ወጣ ያሉት ዓይኖቿ፣ ወደ ውስጥ ሰምጠው ነበር። እንቅልፍ ያነሳት መሰለኝ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አባ ሁመድ ይባላሉ። የሰርዶ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ሳይደክም ዕድሜያቸውን ሙሉ ግመል አርብተዋል። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጡታል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ፤ እርጋታ ጣታቸው ላይ ወጣች።

"ይቺ ውሃ ጠምቷታል" አሉ።

"በሳህን አድርጌላታለሁ አባ ሁመድ። አትጠጣም።"

"ሳህን የሰው ነው። የእሷ አገር ዛፍ ነው። ዛፍ ላይ ሳህን የት አለ?"

ከጄሪካናቸው በእፍኛቸው ውሃ ቀድተው የኒሙን ቅጠል ረጩት። አፈሩ ሸተተ። እርጋታ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ጠብታ ላሰች። ሌላ ጠብታ። ሌላ። አንገቷ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ብዙ ጠጣች፤ አባ ሁመድ ሦስት ጊዜ መላልሰው ረጩላት። በማግስቱ ዓይኖቿ ተመልሰው ሞልተዋል።

"ግመልም ሲጠማው ዓይኑ ይገባል" አሉኝ። "እንስሳ አፍ የለውም ልጄ። ዓይኑን እዪ፣ ሆዱን እዪ፣ እጁ አጥብቆ ይይዝ እንደሆነ እዪ፣ ኩሱን እዪ። ከዚያ የት መሆን እንደሚወድ እዪ። ቦታውን የለወጠ እንስሳ አንድ ነገር ሊልሽ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርጋታ ኒሙ ላይ ኖረች። ትምህርታችን ሙቀቱ ሳይበረታ ገና በማለዳ ስለሚጀምር ቀድሜ እደርሳለሁ፤ አባ ሁመድ "ደህና አድረሻል?" ሳይሉኝ በፊት "ዓይኗስ?" ይሉኛል። ቆዳዋ ሲቀረፍ ቫዝሊን እንደቀባኋት ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ልብሷን ስትለውጥ ቅባት ታለብሻታለሽ?" ጎኗ አንድ ወገን ሲጠቁር ፀሐይ እየጠጣች እንደሆነ፣ ስትወዛወዝ ነፋስ የሚነካው ቅጠል ለመምሰል እንደሆነ፣ ስትነጣ ጥሩ እንቅልፍ ላይ እንደሆነች ከእሳቸው ተማርኩ። መጽሐፍ አላዩም። አይተዋት ነው።

በየካቲት ቲቸር ገዛኸኝ ጠራኝ። የሳይንስ አስተማሪያችን ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ክፍሉን የሚሞላ። ትምህርት ቤቱን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉና እስስቴን ለሠርቶ ማሳያ አምጪ አለኝ። ኮራሁ። እስኪ ይታይ፣ ከሰማንያ ተማሪ እኔን መረጠኝ።

እርጋታ ግን በዚያ ሰሞን ልክ አልነበረችም። ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ ላይ እብጠት እብጠት ይላል፤ ብዙ በልታ የወፈረች መሰለኝ። ፌንጣ ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች። ከሁሉ የባሰው፣ ከዛፍ ወርዳ የማታውቀው እርጋታ በየቀኑ ወደ መሬት መውረድ ጀመረች። በጥበቃው ቤት ሲሚንቶ ጥግ ላይ በሁለት እጇ ትጭራለች፣ ትጭራለች። አንስቼ ኒሙ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ እሷ ትወርዳለች። አዋሽ ናፍቋት ጉድጓድ ቆፍራ ልትሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። አባ ሁመድን እንዳልጠይቅ ወንድማቸው ሞቶ ለቀብር ሰርዶ ሄደዋል። እኔ ብቻዬን መላልሼ አነሳኋት። እንቢ ባለችኝ ቁጥር "አታስቸግሪ" አልኳት።

በዕለቱ ቲቸር ገዛኸኝ ጠረጴዛው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ካርቶን ዘረጋ። እንግዶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል።

"እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ቀለም ትይዛለች" አለ። "አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ።"

ቀዩ ላይ አስቀመጣት። አረንጓዴ ነበረች፣ አረንጓዴ ሆና ቀረች። ሰማያዊው ላይ። አረንጓዴ። ቢጫው ላይ። አረንጓዴ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቲቸር ገዛኸኝ ወደ ቀዩ መለሳትና በእስክሪብቶው ጫፍ ጎኗን ወጋ አደረጋት። አልተለወጠችም። ደገማት፣ በዚያ ያበጠው ሆዷ ላይ። እርጋታ ሰውነቷን ነፋች፣ አፏን ከፍታ ጮክ ብላ ተነፈሰች፣ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ጠቆረች።

"ይኸው! ተለወጠች!"

"ቀይ ላይ ሆና ነው የጠቆረችው" አሉ አንዲት እንግዳ፣ ፈገግ ብለው። ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ገዛኸኝ ወደ እኔ ዞረ።

"እስኪ ባለቤቷ ትንገረን። ለምን ቀለም ቀየረች?"

ቆምኩ። "ስለወጓት ነው ቲቸር። ፈርታ ነው። ቦታውን አይታ አይደለም።"

እንግዶቹ ሳቁ። የክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እንግዶቹ እንደሄዱ ጠጠሩ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አንበረከከኝ። በሰው ፊት አስተማሪ ማረም ብልግና ነው አለኝ። እርጋታን ደግሞ ወሰዳት። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል መስኮት ላይ፣ እባብና የፍየል ጽንስ ከተዘፈዘፉባቸው ጠርሙሶች አጠገብ ባዶ ጠርሙስ ነበር። እዚያ ከተታት፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ ዘጋው።

"አልኮል ከሎግያ ሲመጣ ለትምህርት ቤታችን ትቀመጣለች" አለ።

አልኮል ማለት ሰዎች የሚጠጡት መሰለኝ። አስክረዋት ልትዘፍን ነው ብዬ፣ ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ፣ ትንሽ ተጽናናሁ። ገድለው ሊዘፈዝፏት እንደሆነ ያስረዳኝ አባቴ ነው፤ እራት ላይ፣ ሳህኑን እያየ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ። "አስተማሪሽ ነው፤ ያወቀው ይኖራል" አለኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በተዛወረበት አገር ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም፤ ዛሬም ሲገባኝ አይቀዘቅዝልኝም።

ሦስተኛው ቀን ላይ አባ ሁመድ ተመለሱ። ሮጬ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ስለ ጠርሙሱ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬት ትጭር እንደነበር ስነግራቸው ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

"ሆዷስ? ትበላለች?"

"አብጧል። መብላት ትታለች።"

"ልጄ፣ እንቁላል ይዛለች። አፈር ነው የፈለገችው። አፈር ካጣች ውስጧ ይቀርና ይገድላታል።" ከዚያ፣ ለራሳቸው ይመስል፣ "ሲሚንቶ ላይ ቆፈረች" አሉ።

ቀጥ ብለው ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ። ከኋላቸው ተከተልኩ።

"አስተማሪ፣ ያቺ እስስት ልትወልድ ነው። አውጣት፣ አፈር ላይ ላድርጋት። ስትጨርስ መልሼ እሰጥሃለሁ።"

ቲቸር ገዛኸኝ ቀና አለ። እሳቸው የአባቱ እኩያ ናቸው። "አንተ ጥበቃ ነህ" አላቸው። "ባዮሎጂ ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው? በርህ ላይ ሂድ።"

አባ ሁመድ ፊታቸው አልተለወጠም። "ግመል ስታምጥ አየሁ፣ ፍየል ስታምጥ አየሁ። ጠርሙስ ውስጥ ስታምጥ ግን አላየሁም" አሉ።

"ሂድ አልኩህ!"

እኔ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ልብስ ታጥባለች። እርጋታን አንድም ቀን ነክታት አታውቅም፤ ስሟን ስጠራ እንኳ ታማትባለች። ግን "እንቁላሉ ሊወጣ ነው፣ ቦታ አጥታለች" ስላት እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። እጇን ሳታደርቅ ተነሳች። እስከ መምህራን ክፍል ድረስ ከኋላዋ ሮጥኩ።

"መምህር፣ ያቺን ፍጥረት አምጣት" አለችው፣ በሩ ላይ ቆማ።

"እትዬ፣ ይሄ የትምህርት ጉዳይ ነው።"

"የምጥ ጉዳይ ነው! እኔ ይቺን ልጅ ሳምጥ አልጋ የለም ተብዬ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ቦታ ማጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ? እዚሁ ተማሪው ፊት ልንገርህ?"

ከየክፍሉ ጭንቅላት ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ፣ እናቴን አዩ፣ ጠጠር ያቆሰለውን ጉልበቴን አዩ፣ "ስጣቸው፣ ይሂዱ" አሉ። ስለ ጉልበቴ ምንም አላሉም።

ጠርሙሱ ግሏል። እርጋታ ከሥሩ ተኝታ፣ በጠራራ ፀሐይ ዓይኖቿን ጨፍናለች። የእጆቿ መዳፍ ደምቷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ስትቆፍር ነበር።

አባ ሁመድ ባልዲ ውስጥ አሸዋና አፈር ቀላቅለው አርጥበው ጠበቁን። ውሃ በጣታቸው ጫፍ አፏ ላይ አንጠባጠቡላት። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ አንድ እጇን አነሳች፣ እንደ ልማዷ አሰበች፣ አፈሩ ላይ አሳረፈችው። መቆፈር ጀመረች። አባ ሁመድ ሽርጣቸውን ባልዲው ላይ ጋረዱ። "አትዪያት። የምትወልድ አይታይባትም" አሉኝ። እናቴም ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ እርጋታ ላይኛው አፈር ላይ ነበረች፤ ከስታ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ ጉድጓዱን በቆሰለው እጇ እየደፈነች። ትጠቀጥቃለች፣ ታርፋለች፣ ትጠቀጥቃለች። አባ ሁመድ ቆይተው አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ነጫጭ፣ ሽንብራ የሚያካክሉ እንቁላሎች። አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ገና ሌላ ነበር።

ጠጣች። አንዲት ትንሽ ፌንጣ ያዘች፣ ግን ማኘክ አቃታት። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኒሙ ላይ ሞተች። ቅርንጫፉን እንደያዘች ስለደረቀች ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ቲቸር ገዛኸኝ ክፍል ገባና "እኔ ጋ እያለች በሕይወት ነበረች። ያለ እውቀት እንስሳ መያዝ ውጤቱ ይሄ ነው" አለ። እኔን እያየ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጫንኩ፤ ገና አልዳነም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ አገኘሁ። አባ ሁመድ የት እንዳሉ ስጠይቀው "ኮንትራታቸው አልታደሰም፤ ከመምህር ጋር ተጋጭተው ነው አሉ" አለኝ። ሰርዶ ተመልሰዋል። ሳይሰናበቱኝ የሄዱት ስለተቀየሙኝ መሰለኝ። የስንብት ወረቀት ተሰጥቷቸው በዚያው ቀን እንዲለቁ እንደተደረገ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ባልዲውን ወደ ቤት ወስጄ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፤ እስከ ግንቦት በየጠዋቱ አረጠብኩት። እንቁላሎቹ ቢጫ ሆኑ፣ ጎደጎዱ፣ ሰመጡ። አንድም አልተፈለፈለም።

የሰኔ ፈተና መጣ። የሳይንሱ ሰባተኛ ጥያቄ "እስስት ቀለሟን የምትቀይረው ለምንድን ነው?" ይላል። አራት ምርጫ አለው፤ የሚፈለገው "የተቀመጠችበትን ቦታ ለመምሰል" የሚለው መሆኑን አውቃለሁ። አላከበብኩትም። ከታች ባለው ቦታ "መልሱ እዚህ የለም። ስትፈራ፣ ሲበርዳት፣ ሲሞቃት፣ ስትተኛ፣ ስትታመም፣ ስትወጋ" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ ኤክስ ተደርጎበት፣ "ከምርጫው ውጭ መልስ መስጠት ክልክል ነው፤ ወላጅ ይፈርም" ይላል።

ለአባቴ ሰጠሁት። የአባቴ ጽሑፍ ያምራል፤ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሥራ የተነጠቀውም፣ ደመወዝ የተከለከለውም፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው እሱን ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ፈረመ፤ ከፊርማው ሥር በዚያ በሚያምር ጽሑፉ "ልጄ የጻፈችው በዓይኗ ያየችውን ነው" ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ደስ እንዲለኝ እየጠበቀ አየኝ።

"ለአባ ሁመድስ ለምን አልጻፍክላቸውም?" አልኩት።

አባቴ የእስክሪብቶውን ክዳን ፈለገ፣ አገኘው፣ ገጠመው።